የስልክ ክርና የበሬ ቀንድ

መብራት በሌለበት አገር ስለ ኤሌክትሪክ የማያውቅ ሰው አላየሁም። ከተማ ስትሄዱ ሰው አምፖሉን ያበራል፣ ያጠፋል፣ ሲጠፋበት ያማርራል፤ ከዚያ በቀር ስለ ነገሩ አንድ ቃል አይተነፍስም። ወደ እኛ ስትመጡ ግን፣ ከሐይቅ ወደ ውጫሌ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ማታ በኩራዝ ራቱን የሚበላው ሁሉ ቀን ቀን የኤሌክትሪክ ሊቅ ነው። እኔም አንዱ ነበርኩ። አራተኛ ክፍል ድረስ ተምሬአለሁ። አራተኛ ክፍል ሰውን አፉን ሞልቶ ለመሳሳት ያበቃዋል፤ መሳሳቱን ለማወቅ ግን አያደርሰውም።

የስልክ ምሰሶዎቹ መንገዱን ተከትለው በእርሻዬ ጫፍ ያልፋሉ። ድሮ ሰው ከገበያ ሲመለስ አህያውን አቁሞ ጆሮውን እንጨቱ ላይ ይለጥፍ ነበር። እንጨቱ ያጉረመርማል። «ደሴና ወልድያ እያወሩ ነው» ይባላል። አንዱማ የበርበሬ ዋጋ ሰማሁ ብሎ ዶሮውን ሳይሸጥ ወደ ቤቱ ተመልሷል፤ ዶሮና በርበሬ ምን እንዳገናኛቸው የጠየቀው የለም። የሚያጉረመርመው ክሩን የሚመታው ነፋስ መሆኑን የነገረን አልነበረም። ቢነግሩንም ነፋስ የበርበሬ ዋጋ ከየት ያውቃል ብለን አናምንም ነበር።

ኋላ ቅሬው ስልክ ያስፈልገናል አለ። ቅሬ እኛ ዘንድ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ የሚቀብርበት፣ ቃሬዛውና ድንኳኑ አንድ የሆነ ማኅበር ነው። ያኔ ደሴ ሆስፒታል የተኛ ሰው ቢሞት ወሬው በአውቶቡስ ነበር የሚመጣልን፤ አንዳንዴም አስከሬኑ ወሬውን ይቀድመዋል። ስለዚህ አመለከትን፣ ተመላለስን፣ በመጨረሻም ስልክ መጣልን። ለምሰሶው የሚቀርበው የኔ ቤት ስለሆነ፣ የቅሬውም ዳኛ እኔ ስለሆንኩ፣ እኔው ቤት ተተከለ። ባለቤቴ መዲና በአበባ የተጠለፈ ጨርቅ አለበሰችው። መርዶ በስልክ መንገር ነውር ነውና ደዋዩ ሁልጊዜ «እከሌ ትንሽ ደከም ብሏል» ይል ነበር። እኛም አካፋና ዶማ እናነሳለን።

መጀመሪያ ያስገረመን ዕቃው ያለ መብራት መናገሩ ነው። መሪጌታ ጥበቡ፣ ሐይቅ እስጢፋኖስ ተምረው የመጡ ጎረቤቴ፣ ዙሪያውን እየዞሩ አዩት።

«አያ ሙሄ፣ ይህ ዕቃ ምን በልቶ ነው የሚናገረው? ሬዲዮ እንኳ ድንጋይ ካላጎረሱት ዝም ይላል።»

«ውስጡ ሳይኖር አይቀርም» አልኩና በቢላ ጫፍ ፈትቼ አሳየኋቸው። ድንጋይ የለም። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንዳንድ ሴቶች በአጠገቡ ሲያልፉ ቢስሚላሂ ማለት ጀመሩ። ድንጋዩ ከተማ ባለው የስልክ ማዞሪያ ውስጥ እንደሆነ፣ የያንዳንዳችን ስልክ ቀለቡን በዚያው በቀጭኑ ክር እየተላከለት እንደሚያድር ያወቅነው ብዙ ዘግይተን ነው።

የመጀመሪያው ክረምት ሲገባ መብረቅ ከምሰሶው አጠገብ ያለውን ባሕር ዛፍ ከአናቱ እስከ ሥሩ ሰነጠቀው። በዚያችው ቅጽበት ስልኩ ማንም ሳይደውል አንድ ጊዜ «ቅጭል» አለ። መዲና የያዘችውን ሰፌድ ጥላ ወጣች። በማግስቱ ቅሬው ተሰበሰበ።

«መብረቁ በክሩ ተጉዞ የመጣው ማንን ፈልጎ ይሆን?» አሉ መሪጌታ።

«እርስዎን ነው እንጂ። ስልኩ እኔ ቤት ስለሆነ አጣዎት» አልኩ።

ሳቁ። ሕጉን ግን አወጣን። ከሐምሌ እስከ መስከረም፣ በአምባሰል ተራራ ላይ ደመና በቆመ ቁጥር፣ ከግድግዳው ሳጥን ላይ ሁለቱ የስልክ ክሮች ይፈቱ፤ ጫፋቸውም በበሬ ቀንድ ውስጥ ይከተት። ቀንድ መብረቅ አያሳልፍም ያለው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም። እኔ እንዳልሆንኩ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ቀንዱን ያመጣሁት እኔ ነኝና፤ ታርዶ የተበላው የራሴ በሬ ቀንድ ነው። በሚስማር ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት።

እናንተ የኛን አገር ክረምት ካላያችሁ ይህ ሕግ ምን ማለት እንደሆነ አይገባችሁም። ሐምሌና ነሐሴ ጠዋት ጠዋት ሰማዩ የታጠበ ሳሕን ይመስላል። ከቀትር በኋላ ደመናው ከተራራው ጀርባ ይነሳል፣ ስምንት ሰዓት ላይ ያጉረመርማል፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይወርዳል። በየቀኑ። ስለዚህ ስልካችን በክረምት የግማሽ ቀን ሠራተኛ ነበር። እኔም አንድ ቀን አላስታጎልኩም። የሚያርስ ሰው ሞፈሩን ጥሎ እየሮጠ ሲመጣ ብታዩ፣ ቤቱ ተቃጥሎ ሳይሆን ደመና አይቶ ነበር።

አንድ ቀን ታዲያ ዝናቡ ቀድሞኝ እጄ ረጥቦ ደረስኩ። ብሎኖቹን ፈታሁ፣ ሁለቱን ክሮች አንድ ላይ ይዤ ወደ ቀንዱ ልከት ስል ነከሰኝ። ጣቴን፣ ክንዴን፣ እስከ ትከሻዬ። ለቀቀኝ፤ ደግሜ ስይዘው ደግሞ ነከሰኝ። ሰማዩም ከሩቅ ያጉረመርማል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ? እሑድ በቅሬው ፊት ክንዴን እያሳየሁ ተናገርኩ። «እነሆ፣ መብረቁ በክሩ ውስጥ ሲሄድ በእጄ ያዝኩት።» ሰው አፉን ከፍቶ ሰማኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተሰምቼ አላውቅም።

አሁን ወደ ልጄ ልምጣ። እስካሁን የተሽከረከርኩትም ወደዚህ መምጣት ስለከበደኝ ነው።

ዘሀራ ነርስ ናት፤ ኮምቦልቻ ጤና ጣቢያ ተመድባ ነበር። በዚያ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ሊያገባት ፈለገ፣ እሷም ወደደችው። ሽማግሌ ላከ። ጨዋ ሽማግሌዎች ነበሩ። እኔ ግን ሹፌር ነው፣ አንድ እግሩ አሰብ መንገድ አንድ እግሩ ወልድያ ነው፣ ልጄን መንገድ ላይ ያስቀራታል ብዬ መለስኳቸው። ዘሀራ ራሷ መጥታ ስታለቅስ «እሱን ካልተውሽ ይህን ደጅ አትርገጪ» አልኳት። ሌላ አልጨመርኩም። ብዙ የመናገር ልማድ የለኝም፤ ያቺን የተናገርኳትን ደግሞ ጥሩ አድርጌ ተናግሬአታለሁ። ሄደች።

በኛ ሃይማኖት ልጅ ስትዳር ወሊይ ሆኖ የሚቆመው፣ ኒካሑን የሚያስረው አባት ነው። ዘሀራ ደጄን መርገጥ አትችልም፤ ያለ እኔ ማግባትም አልፈለገችም። የቀራት ስልኩ ነበር። እኔ ይህን አላውቅም። እኔ የማውቀው ክሩ በነከሰኝ በዚያው ክረምት፣ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ከወንድሜ ከእንድሪስ የመጣችውን ደብዳቤ ነው። እንድሪስ ኮምቦልቻ ሱቅ አለው። ደብዳቤዋ አጭር ናት። «ሙሄ፣ ልጅህ ለምናህ አልመልስም ስላልካት፣ በአንተ ፋንታ እኔ ወሊይ ሆኜ ኒካሑን አስሬአለሁ። አላህ ሁላችንንም ይምራን።»

አልመልስም ያልኩት መቼ ነው? ማን ጠየቀኝና? ደብዳቤዋን ሦስት ጊዜ አነበብኳት። ተነጋግረው የሠሩት ነገር ነው፣ የኔን ስም ሰበብ አደረጉት አልኩ በልቤ። ያኔ አንድ ጊዜ ተነስቼ፣ ኮምቦልቻ በጠዋት አውቶቡስ ሄዶ የሚመለሱበት አገር ነው፣ «ማን ጠየቀኝ?» ብዬ ብጠይቅ ነገሩ በዚያው ያልቅ ነበር። አልሄድኩም። ደብዳቤዋን አጣጥፌ ሣጥን ውስጥ ከተትኳት። እኔ የተበደልኩ ሰው ነኝ፤ የተበደለ ሰው ደግሞ አይጠይቅም፤ ይጠየቃል። እንዲህ ብዬ ስድስት ዓመት ተቀመጥኩ።

ስድስት ዓመት በቤታችን ስሟ አልተነሳም። መዲና በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ለሁለቱም ዒድ፣ «ዘመድ ልጠይቅ» እያለች ኮምቦልቻ ትወርዳለች። የትኛው ዘመድ እንደሆነ አልጠየቅኳትም። እሷም አልነገረችኝም። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር የምትመለሰው። «አቧራው ነው» ትላለች። በክረምትም አቧራው ነው።

ከዚያ የስልክ መስመር ሠራተኞች መጡ። ንፋስ ሁለት ምሰሶ ጥሎ ነበር። አንደኛው፣ ጸጉሩ የሸበተ ረጋ ያለ ሰውዬ፣ የኛን ስልክ ሊፈትሽ ገባ። ግድግዳው ላይ ያለውን ሲያይ ቆመ።

«አባቴ፣ ይህ ቀንድ ምን ያደርጋል?»

ነገርኩት። ስለ ደመናው፣ ስለ ሕጉ፣ ስለ ክሮቹ። ሊስቅ ፈልጎ ዕድሜዬን አይቶ ዋጠው።

«መብረቁን መፍራትዎ ልክ ነው» አለ። «ሩቅ የወደቀ መብረቅ እንኳ በክሩ ተሳፍሮ ቤት ይገባል፤ ሲያጉረመርም ስልክ አለማናገር ነው። ቀንዱ ግን ዝም ብሎ ቀንድ ነው።»

«መብረቁን በእጄ ይዤዋለሁ» አልኩት። የቅሬው ሊቅ ነኝና በቀላሉ አልሸነፍም። እንዴት እንደነከሰኝ፣ እንደለቀቀኝ፣ ደግሞ እንደነከሰኝ ነገርኩት።

ራሱን ነቀነቀ። «መብረቅ ቢሆን ኖሮ ዛሬ አይነግሩኝም ነበር። መብረቅ አንድ ጊዜ ነው። ነክሶ፣ ለቆ፣ ደግሞ የሚነክስ ጥሪ ነው።»

«የምን ጥሪ?»

«ክሩ ዝም ብሎ ሲቆም ያለበት ኃይል ትንሽ ነው፣ እጅ አያውቀውም። ሰው ሲደውልልዎ ግን ማዞሪያው ደወሉን የሚመታ ጠንከር ያለ ይልካል። ይልካል፣ ያርፋል፣ ይልካል፣ ያርፋል። እርጥብ እጅ ካገኘ ይቆነጥጣል። ያን ሰዓት አንድ ሰው እየደወለልዎ ነበር።»

«ፈትቼው ነበርኮ! ስልኩ አልጮኸም።»

«ስልኩማ ከክሩ ተለይቷል፣ በምን ይጮኻል? ማዞሪያው ግን እንደፈቱት አያውቅም። መላኩን ይልካል።»

ቀጥሎ የምጠይቀውን ጥያቄ ባልጠይቅ ደስ ይለኝ ነበር። «የደወለውስ ሰው ምን ይሰማል?»

«ይጠራለታል።»

«ተፈትቶ?»

«አዎ አባቴ። ያ የምንሰማው ጥሪ ከተደወለበት ቤት የሚመጣ አይደለም። ከማዞሪያው ነው። ክሩ ተፈትቶ ቢውልም ለደዋዩ ይጠራል፣ ይጠራል፣ የሚያነሳ የለም።»

አላምን ስላለው አሳየኝ። ሁለቱን ክሮች በራሴ እጅ አስፈታኝ። ከኪሱ ሞባይል አውጥቶ የቤታችንን ቁጥር መታና ጆሮዬ ላይ አደረገው። ስልኩ እዚያ አበባ ለብሶ ዝም ብሎ ተቀምጧል። ጆሮዬ ውስጥ ግን ይጠራል። አንድ። ሁለት። ሦስት። ልክ ቤት ሙሉ ሰው ተቀምጦ አላነሳም እንዳለ ሆኖ ይጠራል። ስንት ጊዜ እንደጠራ አላውቅም፤ ሰውዬው ሞባይሉን ቀስ ብሎ ከእጄ ወሰደው።

ዞር ስል መዲና በሩ ላይ ቆማለች። ሠራተኛው የሆነ ነገር ገብቶት ምሰሶውን ልይ ብሎ ወጣ።

«ደውላ ነበር» አለች መዲና። «ሦስት ቀን አከታትላ። ከሥራ እየወጣች፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። ወሊይ ሁነኝ ልትልህ።»

«ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን ታውቂ ነበር?»

«አውቃለሁ። ጠርቶ ጠርቶ አባ አላነሳም አለችኝ። ጠራ ካለች እንግዲህ ክሩ አልተፈታም ማለት ነው አልኩ። እኔ ወፍጮ ቤት የሄድኩ ቀን፣ አንተ ቤት ቁጭ ብለህ፣ እሷ መሆኗን ጠርጥረህ አላነሳህም አልኩ።»

«ሦስት ቀን ወፍጮ ቤት ሄድሽ?»

የያዘችውን ሰፌድ ካንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። ያኔ እንዳልቆጠረችው፣ መቁጠርም እንዳላስፈለጋት ገባኝ።

«ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«አንተ ተጠይቀህ ታውቃለህ?» አለችና ሰፌዷን ይዛ ገባች።

እናንተ አሁን ጥፋቱን ለማን እንደምትሰጡ እያሰባችሁ ይሆናል። እኔም ብዙ አስቤአለሁ። ለማዞሪያው ልስጠው ብል፣ ማዞሪያው የታዘዘውን ሠርቷል። ለቀንዱ ልስጠው ብል፣ ቀንዱ ከመሞቱ በፊትም በሬ ነበር። ለመሪጌታ ልሰጥ ፈልጌ ነበር፤ ሄጄ ነገሩን ስነግራቸው ግን ሳይቀልዱ «ሙሄ፣ የልጅህን ስልክ አላነሳም አልክ ሲባል እኔም ሰምቼ አምኜው ነበር» አሉኝ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚነክሰው። ልጄ አመነች። ወንድሜ አመነ። ሠላሳ ዓመት አብራኝ የኖረች ሚስቴ አመነች። ጎረቤቴም ጭምር። ከዚህ ሁሉ ሰው «ሙሄማ የልጁን ስልክ አላነሳም አይልም፤ አንድ ነገር ተበላሽቶ ነው» ያለ አንድ እንኳ አልተገኘም። ሰው ስለ ክሩ የተሳሳተ ነገር ያምን ነበር፤ ስለ እኔ ያመነው ግን ምን ያህል የተሳሳተ እንደሆነ እኔም እርግጠኛ አይደለሁም።

ሠራተኛው ክሮቹን መልሶ አሰረልኝ። መዲና የዘሀራን ቁጥር በቃሏ ታውቀዋለች። እሷ ትበለኝ፣ እኔ ልምታ አልኩ። ጣቴ ሁለቴ ተሳሳተ። በሦስተኛው ጠራ። አሁን ይህ ጥሪ ከየት እንደሚመጣ ስለማውቅ ምንም ተስፋ አልሰጠኝም።

«አቤት እምዬ» አለች። የቤቱን ቁጥር አይታ እናቷ መስላት ነው።

«እኔ ነኝ።»

ስለ ክሩ ነገርኳት። ስለ ደመናው፣ ስለ ብሎኖቹ፣ ስለ ማዞሪያው፣ ተፈትቶም እንደሚጠራ። ያን ቀን የነከሰኝ ምን እንደሆነ ነገርኳት። ከተወለደች ጀምሮ እንደዚያ ብዙ ቃል በአንድ ጊዜ ሰጥቻት አላውቅም። የምነግራት ስለ ስልክ ክር መሆኑ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

«አለሽ?» አልኳት ስጨርስ።

«አለሁ አባ።» ከዚያ ቀስ ብላ፣ የታመመን ሰው የት ነው የሚያምዎት ብላ እንደምትጠይቅ ሁሉ፣ «ያን ጊዜ ክሩ ባይፈታና ቢያነሱት ኖሮ፣ እሺ ይሉኝ ነበር?» አለችኝ።

እሺ እልሽ ነበር ብላት ማን ሄዶ ይፈትሻል? ሠራተኛው እንኳ ይህን የሚለካበት ዕቃ የለውም። መዲና ፊት ለፊቴ ቆማ አፌን ታያለች። ክሩ ላይ የምጭነው ነገር እዚህ ላይ አለቀብኝ።

«አላውቅም ልጄ» አልኩ። «እምቢ እልሽ ነበር መሰለኝ።»

ዘጋችው ስል «እምቢም ቢሆን ከአፍዎ ብሰማው ይሻለኝ ነበር» አለች። አልተቆጣችም። ተቆጥታ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኳትም። በዚህ መሐል ከወዲያ በኩል የሕፃን ድምፅ «እማዬ ማነው?» አለ። ዘሀራ «አያትሽ ናቸው» ብላ መለሰች። መውለዷን ከመዲና አካሄድ ጠርጥሬ ነበር። ጠይቄ ግን አላውቅም።

«ስሟ ማነው?» አልኩ።

ነገረችኝ።

«መስመሩ ያጉረመርማል፣ አልሰማሁሽም፤ እስቲ ድገሚልኝ» አልኳት።

ሰምቼ ነበር።